ቀዩ መብራት የማን ጥፋት ነው?

(አዲስ አበባ ለሚኖሩ የቢቸናና የሞጣ ተወላጆች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ አገር ቤት ተቀምጠው በውጭ አገር ኮሌጆች በኢንተርኔት ስለሚማሩ ልጆቻችን ነው። «ቢቸና ሆኖ ውጭ አገር መማር አለ እንዴ?» የሚል ካለ፣ አዎን አለ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. በ2007 አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ብዙ ኢትዮጵያውያንን በርቀት አስተምሯል። ዛሬማ ስልክና ኔትወርክ ያለው ሁሉ ይሞክረዋል።

ታዲያ አስተማሪው ተማሪውን በዓይኑ አያየውም። ማን እንደገባው፣ ማን እንደጨነቀው በምን ያውቃል? ፈረንጆቹ «ለርኒንግ አናሊቲክስ» የሚሉት ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። መማሪያው ድረ ገጽ ተማሪው መቼ እንደገባ፣ የትኛውን ገጽ እንደከፈተ፣ ቪዲዮውን የት ላይ እንዳቆመ፣ የቤት ሥራውን መቼ እንዳስረከበ ይመዘግባል። ያንን ይደምርና «ይህ ልጅ ሊወድቅ ነው» ብሎ ይጠቁማል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ «ኮርስ ሲግናልስ» ያለው ዘዴ እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያበራ ነበር። ቀይ የበራበት ተማሪ ቶሎ እንዲረዳ ነው ሐሳቡ። መልካም ሐሳብ ነው፤ እኔም አልቃወምም።

ግን እስቲ የራሴን ላጫውታችሁ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት እናቴን ልጠይቅ ወደ ሞጣ ሄድሁ። ስሙን በማልጠቅሰው የውጭ አገር ኮሌጅ አንድ ኮርስ ጀምሬ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቆረጠ፤ እኔም መንገድ ተዘግቶብኝ ቀረሁ። መስከረም ላይ እንደምንም አዲስ አበባ ገብቼ ኢሜይሌን ብከፍት አራት ደብዳቤ ተደርድሮ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው «ከጠፋህ ሰነበትህ» ይላል። ሁለተኛው «ለትምህርትህ ያለህ ትጋት ቀንሷል» ይላል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። አራተኛው ስንብት! አራቱንም የጻፈው መሣሪያው ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

የቆረጠው ሌላ፣ የተቀጣው ሌላ! እኔስ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ወጣሁ። እዚያው የቀሩት ግን የሞባይል ኢንተርኔቱ በአንዳንድ የክልሉ ከተሞች እንኳ እስኪመለስ አንድ ዓመት ገደማ ጠብቀዋል። ከዚያ በፊት በሰኔ 2012 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ቀርቷል። ለመሆኑ ያን ጊዜ በስንቱ ልጅ ላይ ቀይ በርቶበት ይሆን?

ኔትወርኩ ባለበት ቀንም ቢሆን መሣሪያው እኛን ማንበብ ይቸግረዋል። እንግሊዝኛው የከበደው ልጅ አንዱን ቪዲዮ አምስት ጊዜ ቢያይ፣ ትጋት ነው ወይስ ድክመት? ወንድምና እህት በአንድ ስልክ ቢማሩስ? የዳታ ዋጋ ስለሚቀንስ ሌሊት የሚያጠናውስ? የቤት ሥራ ማስረከቢያው መስከረም 1 ቀን ቢሆን፣ እኛ እኮ አዲስ ዓመት ላይ ነን!

ኔልሰን ማንዴላን አስቡት። ሮበን ደሴት ታስረው ሳለ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የርቀት ተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 በድብቅ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ሲያዝ፣ የመማር ፈቃዳቸው ለአራት ዓመት ተነጠቀ። ያን ጊዜ ይህ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ማንዴላን ምን ይላቸው ነበር? «ትጋት የጎደለው ተማሪ!»

የእኛ አገር የኔታዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ዲማ ጊዮርጊስ ለቅኔ የሚመጣው ተማሪ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር አገሩን ለቆ ነው። አንድ ቀን ቢጠፋ የኔታ ከመዝገብ አይፋቁትም። «እገሌ ወዴት ነው? ታሞ ነው? ቀፈፋ ወጥቶ ውሻ ነክሶት ነው?» ብለው ጓደኛውን ይልካሉ። መቅረቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለምን እንደቀረ መጠየቅ ሌላ ነው። መሣሪያው የመጀመሪያውን ይችላል፤ ሁለተኛው የሰው ሥራ ነው።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ ተማሪ በሚታየው መረጃ ብቻ ሊመዘን እንደማይገባ አስፍሯል። የፐርዱን ዘዴም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ተቺዎች «ተማሪዎቹን ያቆያቸው ዘዴው ነው ወይስ ብዙ ስለቆዩ ነው ዘዴው ያለበትን ብዙ ኮርስ የወሰዱት?» ብለው ሞግተውታል። ምክንያትና ውጤት ተምታቷል ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ኮሌጆቹ ቀይ ከማብራታቸው በፊት ተማሪው ባለበት አገር ኔትወርክ መኖር አለመኖሩን ያጣሩ። ከአንድ ቦታ የገቡ ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ቀን ቢጠፉ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ሰነፉ ማለት ነው? ኢሜይል ለማይደርሰው ስልክ ይደውሉ። ትምህርቱ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ይሁን። ተማሪውም ስለራሱ የተመዘገበውን አይቶ መልስ የመስጠት መብት ይኑረው። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የእኛ ኮሌጆች እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲገዙ አዋጁን መሳቢያ ውስጥ እንዳይረሱት።

መንግሥትን ደግሞ የምለው አንድ ነገር ነው። ኢንተርኔት ስትቆርጡ የምትቆርጡት ወሬ ብቻ አይደለም፤ የልጅ ዕድል ነው። መጽሐፍ ቤት ዘግቶ «ተማሩ» ማለት ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው?

እናንተም ወገኖቼ፣ አገር ቤት የሚማር ልጅ ካላችሁ የኮሌጁን አድራሻና የተማሪ ቁጥሩን ዛሬውኑ ተቀበሉት። ኔትወርክ በጠፋ ቀን እዚህ ያለ ሰው ስለ እሱ አንዲት ደብዳቤ ይጻፍለት። እኔ አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግልኝ ኖሮ አራተኛው ደብዳቤ ባልመጣብኝ ነበር።

ቸር ወሬ ያሰማን!