ሜዳውን ማን ይጠብቀው?
(በአዲሱ ገበያ ለሰፈሩ ወጣቶች፣ ለወላጆችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የአዲስ አበባ ስታዲዮም ታሪክና ዕድሳት ነው። ከመካከላችሁ «ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባው ስለ ኳስ ሊነግረን ነውን?» ብለው በልባቸው የሚያጉረመርሙ አባት ቢኖሩ አልቀየማቸውም። ነገር ግን ጉዳዩ የኳስ ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ በግሉ ያለውን ንብረት እንዴት እንደሚይዝ በየቤቱ ይታያል፤ የጋራ የሆነውን እንዴት እንደሚይዝ ግን የሚታየው እንደ ስታዲዮም ባለ ቦታ ነው። ስለዚህ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። የከተማችን እግር ኳስ ከስታዲዮሙ ይቀድማል። የአራዳ ልጆች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ያቋቋሙት በ1928 ዓ.ም. ነው። ከለገሃር ወደ መስቀል አደባባይ ሲሄዱ የሚገኘው ስታዲዮም የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ይባል ነበር። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ግብጽ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ፣ አገራችን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በዚሁ ስታዲዮም ተደረገ። የተወዳደሩት አራት አገሮች ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ናቸው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብጾች ሁለት ጊዜ ቀደሙን፤ ሁለት ጊዜም ደረስንባቸው። የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ፣ ሁለተኛውን የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ አገቡ። በተጨመረው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ሆነ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እርሳቸውም ኋላ የመላው አፍሪካ እግር ኳስ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለዋል። ስታዲዮሙም በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ እንደ ገና አስተናግዷል።

የቅርቡም ትዝታ አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚሁ ሜዳ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ከተማው በሙሉ በደስታ ጎዳና ወጣ። ያን ቀን የሀብታምና የድኻ፣ የዚህና የዚያ ወገን ልዩነት ለጥቂት ሰዓት እንኳ ቢሆን ተረስቶ ነበር።

ወገኖቼ፣ ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን የሚያሳፍር ነው። የአዲስ አበባ ስታዲዮም ከደረጃ በታች ነው ተብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግበት ሆነ፤ ለዕድሳትም ተዘጋ። የባሕር ዳር ስታዲዮም ተተካ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር በዚያ ተጫወትን፤ ብዙም ሳይቆይ እርሱም ታገደ። ስለዚህ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን በ«ሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ቀን፣ ልባችን ሲመኘው የነበረ ድል፣ የተገኘው በማላዊ አገር በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ኮንፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ የሆነች አገር እንግዳ የምትቀበልበት ሜዳ አጥታ የሰው ሜዳ ለመነች ማለት ነው።

እንግዲህ ምክንያቱ ምንድን ነው? «ድኾች ስለ ሆንን ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ ሙሉ አይመስለኝም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በየክልሉ ትልልቅ ስታዲዮሞች ተሠርተዋል። በቦሌ በኩልም ከ60,000 ሰው በላይ የሚይዘው አደይ አበባ ስታዲዮም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሲሚንቶውና ብረቱ ተገዝቷል ማለት ነው። ሆኖም የባሕር ዳሩ ከታገደ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ከነዚህ ሁሉ አንድም እንኳ ለብሔራዊ ቡድኑ አልደረሰለትም። ከውጭ ሲያዩት ግንቡ ቆሟል፤ የጎደለው በውስጡ ያለው ነው።

ኮንፌዴሬሽኑ የሚጠይቀውን ብንመረምር ነገሩ ይገለጥልናል። ለተመልካች ለየራሱ የሆነ ወንበር፣ ንጹሕ የልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ ለሌሊት ጨዋታ በቂ መብራት፣ ለጋዜጠኞች የሥራ ቦታ፣ የሚሠራ መጸዳጃ ቤትና ጤናማ ሣር ናቸው። ከነዚህ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተሠርተው የሚተዉ አይደሉም። ሣሩን ውሰዱ። በአዲስ አበባ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ እንዴት እንደ ሆነ እናውቃለን። ከሣሩ በታች የአሸዋ ንጣፍና ውኃውን የሚያወጣ ቧንቧ ከሌለ ሜዳው ጭቃ ይሆናል። ቧንቧው ቢኖርም እንኳ ካልተጠረገ ይደፈናል። ሣሩም እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ዕረፍት ይፈልጋል፤ በሳምንት ውስጥ ጨዋታ በጨዋታ ላይ ሲደራረብበት ሥሩ ይሞታል። ይህን የሚያድን በየቀኑ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ የሚወጣ፣ ሙያውን የተማረ፣ ደመወዙ የማይቋረጥበት ጠባቂ ነው። ለምረቃ ሪባን ለመቁረጥ ብዙ ሰው ይሰለፋል፤ ቦይ ለመጥረግ ግን ማንም አይሰለፍም። ከታገድን በኋላ ለዕድሳት መሯሯጣችንም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚያሰኝ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የማምነው ይህን ነው። ስታዲዮማችንን ያፈረሰው ዕድሜ አይደለም፤ ጠባቂ ማጣት ነው። ጠባቂ ሳይሾሙ ማደስ ደግሞ የሚቀጥለውን መፍረስ ቀጠሮ መስጠት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ላክል። ስታዲዮሙን የምታውቁ ሁሉ ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ዳፍ ትራክን፣ ከማን አንሼን፣ ጥላ ፎቅን ታውቃላችሁ። እነዚህ የመቀመጫ ስሞች ብቻ አይደሉም፤ ሕዝቡ ለራሱ ያወጣላቸው የሰፈር ስሞች ናቸው። የካታንጋ ሰው በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተጠጋግቶ፣ በፀሐይና በዝናብ ቆሞ ቡድኑን ደግፏል። ወንበር ሲገጠም የሚገባው ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ ግልጽ ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ዋጋው ከወጣ፣ ከዚህ ከአዲሱ ገበያና ከሽሮ ሜዳ የሚሄደው የሸማኔ ልጅ የሚቀመጥበት ያጣል። ወንበሩ አምሮ ካታንጋ ከውጭ ከቀረ፣ ያደስነው ስታዲዮሙን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

«ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሳይሟላ ለኳስ ሜዳ ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሜዳ ማጣትም ዋጋ አለው። ቡድኑ ውጭ አገር «ሲያስተናግድ» የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉና የሜዳው ወጪ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ በአገር ቤት ይገኝ የነበረው የመግቢያ ገቢ ይቀራል፤ በዙሪያው ቡና አፍልታና ቆሎ ሸጣ የምታድረው እናትም ገበያዋን ታጣለች። ቸልታ ከጥገና ይልቅ ውድ ነው።

ደግሞስ ተጫዋቹ ከየት ይመጣል? ከስታዲዮሙ አይበቅልም። የእኛ የጉለሌ መሬት ከእንጦጦ የሚወርድ ዳገት ነው፤ ሜዳ የሚባለው ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂቱ በየጊዜው ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ጃን ሜዳን አስቡ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ በፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛወረ። ችግሩ የሕይወት ጉዳይ ስለ ነበረ ውሳኔውን አልነቅፍም። በ2013 ዓ.ም. ገበያው ተነሥቶ፣ ቦታው ተጠርጎ ጥምቀት ተከበረበት። ጃን ሜዳ የተመለሰው ታቦታቱ የሚያድሩበት፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ብዙ ጠያቂ ያለው ሜዳ ስለ ሆነ ነው። ስም የሌለው የሰፈር ሜዳ ግን አንድ ጊዜ ከተያዘ ማን ያስመልሰዋል?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ስታዲዮም ሲታደስ ከግንባታው ገንዘብ የተለየ፣ ለሌላ ሥራ የማይነካ የየዓመቱ የጥገና በጀት ይቆረጥለት። በሥሩ ለብዙ ዓመት ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተከራይተው የኖሩበት ሕንፃ እንደ መሆኑ ከኪራዩ ድርሻ ለዚሁ ይዋል፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በስታዲዮሙ በር ላይ ተለጥፎ ሕዝቡ ያንብበው።

ሁለተኛ፣ ርካሹ መቀመጫ በሕግ ይጠበቅ። ካታንጋ ወንበር ይግባለት እንጂ ካታንጋነቱን አያጣ።

ሦስተኛ፣ ይህ የራሳችን ሥራ ነው። በሰፈራችን የቀሩትን መጫወቻ ቦታዎች እኛው ራሳችን ለክተን፣ ንድፋቸውን አንሥተን፣ በመዝገብ ላይ የመጫወቻ ሜዳ ተብለው እንዲጻፉ ለወረዳው በጽሑፍ እናመልክት። የምሕንድስና ተማሪዎች መለካት ትችላላችሁ፤ የሕግ ተማሪዎች ማመልከቻ መጻፍ ትችላላችሁ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ድንበሩን ታውቃላችሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ጥገናን ከመንግሥት ለመጠየቅ መብት የሚኖረን እኛ በአቅማችን ስንጠግን ነው። ክረምቱ ሳይገባ የሰፈራችን ሜዳ ቦይ መቆፈር አለበት፤ አለዚያ ሐምሌ ላይ ኩሬ ይሆናል። በሚመጣው ቅዳሜ ከጧቱ በአንድ ሰዓት አካፋ ያለው አካፋውን፣ ዶማ ያለው ዶማውን ይዞ ይምጣ። መሣሪያ የሌለው በእጁ ድንጋይ ያንሣ።