የአንዱ መርፌ ለሌላው አይሆንም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



 ባለፈው ስብሰባችን ከአባሎች ሁለት ጥያቄ ቀርቦ እንደነበር ይታወሳል። አንደኛው፣ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎችና እናቶች ወደ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ክሊኒክ ሄደው በመርፌ እንዲታከሙ፣ ማኅበሩ ተነጋግሮ ዋጋ እንዲያስቀንስላቸው ነው። ሁለተኛው፣ የዋግምት ብርጭቆ ከነመሳቢያው ገዝተን፣ እንደ ድንኳኑና እንደ ድስቱ በንብረት ክፍል አስቀምጠን ለአባሎች እናከራይ፣ ለማኅበሩም ገቢ ይሆናል የሚል ነው። ኮሚቴው ሁለቱንም መርምሮ የደረሰበትን እኔ እንዳስረዳ አዞኛል። ውሳኔው ግን የእናንተ ነው።

የቻይና ሐኪሞች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። የቻይና የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ነው። ዋግምቱማ የራሳችን ነው፤ አያቶቻችን በቀንድ ሲያስመጥጡ ኖረዋል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሕክምናውን ለማጥላላት አይደለም። ለማን ይበጃል፣ ለማን አይበጅም የሚለውን ለሐኪም እተወዋለሁ። የኔ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ለመዳን ሄደን ሌላ በሽታ ይዘን እንዳንመለስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌ ቆዳ ሲበሳ፣ ምላጭ ቆዳ ሲበጣ፣ በዓይን የማይታይ ጥቂት ደም ይዞ ይወጣል። ያ መሣሪያ ሌላ ሰው ላይ ካረፈ የፊተኛውን ሰው በሽታ ለኋለኛው ያደርሳል። በደም ከሚተላለፉት ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ እና ኤችአይቪ ናቸው። ሄፓታይተስ የጉበት በሽታ ነው፤ ዓይን ቢጫ ሲያደርግ ሕዝባችን የወፍ በሽታ ይለዋል። ነገር ግን ብዙ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን፣ ሳያመው፣ ቫይረሱን ለዓመታት ተሸክሞ ይኖራል። በመልክ አይታወቅም። ደግሞም የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደሙ ከደረቀ በኋላ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ከሰውነት ውጭ ይቆያል። ዛሬ የተጠቀሙበት ብርጭቆ በሳምንቱ ለጎረቤት ቢሰጥ አደጋው አብሮ ተሰጠ ማለት ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፣ የደረሰ ነገር ነው። በአሜሪካ አገር በሮድ አይላንድ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984፣ በአንድ የመርፌ ሕክምና ቤት የታከሙ 35 ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ ተይዘዋል። የቻይና መርፌ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ውስጡም ቀዳዳ የሌለው ነው፤ ያም ሆኖ በሽታውን አስተላለፈ። እዚያው ቻይና ደግሞ፣ ሃንግዡ በምትባለው ከተማ፣ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የቻይና ሕክምና ሆስፒታል፣ በ2017 አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆነውን ቱቦ ለሌሎችም በመጠቀሙ 5 ሰዎች በኤችአይቪ ተያዙ። ልብ በሉ፤ ይህ የተደበቀ ጓዳ አይደለም፣ ትልቅ ሆስፒታል ነው። መሣሪያም ዕውቀትም አልጎደለም። የጎደለው «ለአንድ ሰው አንድ» የሚለውን ደንብ ማክበር ነው። በዚያው ዓመት የቻይና መንግሥት ለመርፌው፣ ለዋግምቱና ለሌላውም ባህላዊ ሕክምና የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ አወጣ።

ታዲያ ክሊኒክ ስንሄድ ምን እንይ? ኮሚቴው ከጤና ባለሙያ ጠይቆ እነዚህን ጽፏል።

1ኛ፣ እጅ ነው። የሚወጋን ሰው እኛን ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ። በሳሙናና በውኃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ መታሸት አለበት። ከፊተኛው ታካሚ ተነሥቶ በቀጥታ ወደኛ ከመጣ «ዶክተር፣ እባክዎ እጅዎን» ማለት ነውር አይደለም።

2ኛ፣ መርፌው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ የታሸገ መሆን አለበት። ማሸጊያው ያልተቀደደ፣ ያልረጠበ፣ ቀኑ ያላለፈበት ሆኖ ዓይናችን እያየ ይከፈት። ከተወጋ በኋላ ለኛም ቢሆን ለሚመጣው ቀጠሮ ተብሎ አይቀመጥም። «ስምዎ ተጽፎበት ተቀምጧል» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ።

3ኛ፣ ቆዳችን ነው። የሚወጋው ቦታ በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ በጣት አይነካ። መርፌውም በዘንጉ በባዶ ጣት አይያዝ። ቁስል፣ እባጭ ወይም ሽፍታ ባለበት ላይ አይወጋም።

4ኛ፣ መጣያው ነው። ያገለገለ መርፌ ወዲያው በማይበሳ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። በተራ ቅርጫት ከተጣለ የሚወጋው የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። እሷም የሰው ልጅ ናት፣ ልጆች አሏት።

5ኛ፣ አልጋውና ዕቃው ነው። አንሶላው ወይም ወረቀቱ ለየሰው ይለወጥ። በደቡብ ኮሪያ በአንድ እንዲህ ዓይነት ክሊኒክ ብዙ ሰዎች ሳይድን የሚቆይ የቆዳ ቁስል ይዟቸው ሲመረመር፣ ጀርሙ የተገኘው በውኃ ቀጥኖ በተቀመጠ የዕቃ ማጽጃ መድኃኒት ውስጥ ነበር። መርፌው አዲስ ስለሆነ ብቻ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋግምቱ ልምጣ። ሐሳቡን ያቀረቡት እናት ለማኅበሩ አስበው ነው፤ እናመሰግናለን። ኮሚቴው ግን አይሆንም ብሏል፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ዋግምት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቆዳ ሳይበጣ ብርጭቆው ብቻ የሚጣበቅበት ነው። ሁለተኛው ተበጥቶ ደም የሚወጣበት ነው። ደም የነካ ብርጭቆ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል፣ አለዚያም በሆስፒታል እንደሚደረገው አውቶክሌቭ በሚባለው መሣሪያ፣ በ121 ዲግሪ እንፋሎት፣ በግፊት የሚቀቀል መሆን አለበት። ገበያ ላይ ያለው የፕላስቲክ ብርጭቆ ይህን ሙቀት አይችልም። መሳቢያው ውስጥ ደም ከገባ ደግሞ አጥቦ ማውጣት አይቻልም። ያልተበጣም ቢሆን ብርጭቆው ቆዳን ሲስብ ውኃ የቋጠረ ወይም የደም ነጠብጣብ ያለው ሰው አይጠፋም። እኛ አከራይተን፣ በየቤቱ ማን በምን ዓይነት እንደተጠቀመበት በምን እናውቃለን? ንብረት ክፍላችን ድስቱ መሰበሩን ያያል እንጂ ቫይረስ አያይም።

አንዳንዶቻችሁ «እንቀቅለዋለን፣ በአረቄ እናጥበዋለን» ብላችኋል። መቀቀል ብዙ ጀርም ይገድላል፣ ሁሉን ግን አይገድልም። አረቄ የመጠጥ እንጂ የዕቃ ማጽጃ አይደለም። ምላጭ በእሳት ማሳየትም አያጸዳም። ድንኳንና ድስት የጋራ ይሆናሉ፤ ደም የሚነካ ዕቃ ግን የጋራ አይሆንም። ፀጉር ቤት ስንሄድ አዲስ ምላጭ እናስቀይር የለም ወይ? ይህም ያው ነው።

እስከ ዛሬ ዋግምቱን ወይም መርፌውን የተጠቀማችሁ አትደንግጡ፤ ተመርመሩ። ምርመራው የደም ምርመራ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ሆኗል። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው፤ በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ስለሆነ እዚህ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን አላገኘነውም፤ ጤና ጣቢያ መጠየቅ ነው። ያገለገለ መርፌ የወጋው ሰው ቢኖር ቦታውን ሳይጨምቅ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። የተወጉበት ቦታ ቢቀላ፣ ቢሞቅ፣ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ቤት ተቀምጦ ቅባት መቀባት አይገባም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

የጽዳት ሥራ ለምትሠሩ አባሎቻችንም አንድ ቃል። ደም ወለል ላይ ቢፈስ ጓንት አድርጋችሁ በወረቀት ጥረጉት፤ ከዚያ 5 ከመቶ ከሆነው በረኪና 1 እጅ፣ ውኃ 9 እጅ አድርጋችሁ አፍስሱበትና 10 ደቂቃ ቆይታችሁ እጠቡት።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ይህ ነው። ስለ ክሊኒኩ፣ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ሦስት ሰዎች ይላኩ፤ ሁለቱ ከአባሎች፣ አንዱ የጤና ባለሙያ ይሁኑ። የሥራ ፈቃዱን፣ መርፌውን፣ የእጅ መታጠቢያውንና የመርፌ መጣያውን አይተው ለሚመጣው ስብሰባ ይንገሩን። አናሳይም ያለ ክሊኒክ ቢኖር በግማሽ ዋጋም ቢሆን አንልክም። የዋግምቱ ዕቃ ግዢ ይቅር፤ በየቤቱ ያለውም አይዋዋሱት። የማኅበሩ ገቢ በሌላ ይሞላል፤ የሰው ጉበት ግን በወር መዋጮ አይገዛም።

እዚህ የተቀመጥነው አንዳችን ሌላውን ልንቀብር ተፈራርመን ነው። ከመቅበር በፊት መጠባበቁ ይቅደም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ።