የቀድሞ ወታደር በሥራ ሜዳችን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የቀድሞ ወታደሮች በሲቪል ኑሮ ውስጥ ስለሚገጥማቸው ችግር ነው። እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም፤ ስለዚህም የማቀርብላችሁ በሥራ ሜዳ ያየሁትን ብቻ ይሆናል።

እንደሚታወቀው፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በሰኔ ወርም የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ወደ ገጠር የተመለሰው ወታደር መሬት ካገኘ አራሽነቱን ከአባቱ የወረሰው ነውና ማንነቱን ፍለጋ ብዙ አልተንከራተተም እላለሁ። ከተማ የቀረው ግን ይዞት የመጣው በሠራዊቱ ውስጥ የተማረውን ሙያ ነበር፤ መካኒክነት፣ ሾፌርነት፣ ብየዳ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተርነት። አገር ገንዘብ አፍስሳ ያስተማረችው ይህ ሰው ነው በየበሩ ዘበኛ ሆኖ የቀረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ፣ ሁላችንም ግማሹን በአክብሮት ግማሹን በቀልድ «አምሳ አለቃ» እያልን የምንጠራቸው ጥበቃ ነበሩን። የሶሌታ ሙሌት በተጀመረበት ዕለት ጄኔሬተሩ ጠፋና ቪብሬተሮቹ ቆሙ። መካኒክ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ የተቦካ ኮንክሪት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አምሳ አለቃ ዱላቸውን ከግድግዳ አስደግፈው ቀረቡና «አየር ስቧል» አሉ። የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ብሎን ላላ አድርገው፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ናፍጣውን በእጅ ፖምፓ ገፉት፤ ብሎኑንም አጠበቁ። ሞተሩ ተነሣ። ለካ አሥራ አንድ ዓመት በጦር ሠራዊት ጋራዥ ሠርተው ኖሯል! ለምን እንዳልነገሩን ብጠይቃቸው፣ «የጠየቀኝ የለም፣ ኢንጂነር። ስቀጠር የተጠየቅሁት ዋስ ብቻ ነው» አሉኝ።

ሁለት ዓመት አብረን ስንውል ያልጠየቅኋቸው እኔው ነኝ።

የጄኔሬተር ኦፕሬተር ሆነው እንዲመደቡ ባመለክት የምስክር ወረቀት ተፈለገ። የእርሳቸው ወረቀት በ1983ቱ ትርምስ ጠፍቷል። የሙያ ብቃት ምዘና እንዲወስዱ ብለምናቸው «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ ልፈተን?» ብለው አንድ ወር ሙሉ እምቢ አሉ፤ ኋላ ግን ተፈትነው አለፉ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓትና የፈጀውን ናፍጣ በየቀኑ በመዝገብ እያሰፈሩ፣ ከስማቸው በፊት «አምሳ አለቃ» ብለው ይፈርሙ ጀመር። በጥበቃው መዝገብ ላይ ማዕረጋቸውን አንድ ቀንም ጽፈው አያውቁም ነበር።

ይህን የማነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ከ3 መቶ 70 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። ከእነዚህ መካከል ከጠመንጃ በቀር ሙያ ያልያዙ ወጣቶች አሉ፤ እነርሱን «ምን ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ከአንድ ባለሙያ አጠገብ በረዳትነት ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። ይህም ለሥራ መሪው ድካም እንጂ ትርፍ የሌለው የሚመስልበት ጊዜ እንደሚኖር አልክድም።

በእኔ በኩል፣ አሁን በምመራው ሥራ የቅጥር ቅጽ ላይ «በሠራዊት ያገለገሉ ከሆነ፣ በምን ሙያ?» የሚል አንድ መስመር አስገብቻለሁ። እስካሁን ሁለት ሾፌሮች፣ አንድ የቅየሳ ረዳትና አንድ በያጅ ተገኝተዋል። በያጁ ከእኛው ዘንድ ድንጋይ ሲሸከም ወራት ያሳለፈ ሰው ነው። ቅጹን የሚፈልግ ባልደረባ ካለ ከስብሰባው በኋላ እሰጠዋለሁ።