የመቻል ኃይል ከየት ይመጣል?

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ አዳራሽ እንድንናገርበት የተሰጠን ጥያቄ አጭር ነው። «የዛሬው ወጣት እንደ አባቶቹ ጦርነትንና ችግርን ሊችል ይችላልን?» ይላል። ጥያቄው አጭር ይሁን እንጂ የሚያስነሣው ክርክር ረጅም ነው። ሽማግሌዎቻችን «የዛሬ ልጅ ለስላሳ ነው፤ ፀሐይ አይችል፤ ረኃብ አይችል» ሲሉ እንሰማለን። ወጣቱም በበኩሉ ወይ ይቈጣል፤ ወይ ደረቱን ነፍቶ «እኛም የዐድዋ ልጆች ነን» ብሎ ያልፋል። ቍጣውም ፉከራውም ለጥያቄው መልስ አይሆንም።

ይህ ወቀሳ በእኛ አገር ብቻ የተወለደ አይደለም። በኮሪያ ጦርነት ከተማረኩት አሜሪካውያን መካከል 21 ወታደሮች «ወደ አገራችን አንመለስም» ባሉ ጊዜ አሜሪካ ስለ ልጆቿ ጽናት እጅግ ተጨነቀች። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በ1947 ዓ.ም. ለወታደሮች የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ጆን ኬኔዲ ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ተመርጠው ሥልጣኑን ገና ሳይረከቡ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፤ የአሜሪካ ሕዝብ ሰውነቱ እየለሰለሰ መሄዱን በአንድ የስፖርት መጽሔት ላይ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናትም፤ ከ17 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወጣቶች 77 በመቶ የሚሆኑት ያለ ልዩ ፈቃድ ለውትድርና እንደማይበቁ ገለጸ። እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አንድ ዓይነት ሮሮ ሲሰማ ኖሯል ማለት ነው። ምናልባት ጥያቄው ራሱ በደንብ ሳይጠየቅ ቀርቶ ይሆን?

ይህን ለመመርመር አንድ ስፍራ እንምረጥ። ከእኛ መካከል ከመተማ፤ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ የመጡ አሉ። ያ ቆላ ከክረምት በፊት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት፤ በክረምት ጥቁሩ መሬት እግር የሚይዝበት፤ ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትበት አገር ነው። መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ገላባት የሚተያዩት በአንድ ትንሽ ወንዝ ማዶ ለማዶ ነው። በዚህች ጠባብ ስፍራ ጦርነትም፤ በሽታም፤ ስደትም የሰውን ጽናት ፈትነዋል። ስለዚህ የመተማን ምስክርነት እንስማ።

በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች በአቡ አንጃ መሪነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ብዙ ሠራዊት ይዘው መተማ ወረዱ። የዘኪ ቱማል ጦር በእሾህ አጥር ተከቦ ይጠብቃቸው ነበር። የእኛ ሰዎች በጥይት ውሽንፍር ውስጥ ያን አጥር ጥሰው ገቡ። ድሉ በእጃቸው ሊገባ በተቃረበበት ሰዓት ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈሰሉ። ወሬው በሰፈሩ ተሰማ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። ዐፄ ዮሐንስ ካረፉ በኋላ አረጋዊው ራስ አርአያ አስከሬናቸውን ሲጠብቁ ወደቁ።

ጓደኞቻችን፤ በዚያን ቀን የጐደለው ምን ነበር? ጀግንነት ነበርን? የእሾህ አጥር በደረቱ የጣሰ ሰው፤ በጌታው ሬሳ አጠገብ ቆሞ የሞተ ሽማግሌ፤ ጀግንነት ጐደለው ሊባል አይቻልም። የጐደለው መሪው ሲወድቅ ነገሩን ተቀብሎ የሚቀጥል ሥርዓት ነበር። የሺዎች ጽናት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ነበር ያ ሰው ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ወደቀ።

ድል ያደረጉትስ ወገኖች? ደርቡሾችም መተማ ላይ ብዙ ሰው ስላለቀባቸው ድሉ አላጠነከራቸውም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፤ በነሐሴ 1890 ዓ.ም.፤ ከኦምዱርማን ውጭ በሜዳ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጦር ጋር ሲጋጠሙ በአንድ ማለዳ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት በመድፍና በመትረየስ አለቁ። ከወዲያኛው ወገን የሞተው ሃምሳ ያህል ነበር። በዚያ ሜዳ ከነዚህ ሰዎች የበለጠ ሞትን የናቀ አልነበረም። ሞትን መናቃቸው ግን አላዳናቸውም።

ሌላም ምስክር በዚያው በመተማ አለ። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ስሊም የተባለው የእንግሊዝ መኰንን ገላባትንና መተማን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ገጠመ። ገላባትን የህንድ ጋርዋል ወታደሮች ያዙ። ነገር ግን የታንኮቹ ሰንሰለት በድንጋይና በፈንጂ ተበጣጠሰ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖችም ቦምባቸውን አወረዱ። በዚህ ጊዜ የኤሴክስ ሻለቃ የተባለው የእንግሊዝ ጦር ደነገጠ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ «ጠላት መጣ» እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ። መተማም ሳትያዝ ቀረች። በዚያን ቀን ያየ ሰው «የዛሬ እንግሊዝ ለስላሳ ነው» ብሎ ቢፈርድ ማን ይከራከረው ነበር? ይሁን እንጂ ያው የኤሴክስ ሻለቃ ዓመት ያህል ቆይቶ በሊቢያ ቶብሩክ አጠገብ የያዘውን ኮረብታ አልለቅም ብሎ ተዋጋ። ስሊምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በበርማ የጃፓንን ጦር ድል ያደረገ ጄኔራል ሆነ። በዓመት ውስጥ የተለወጠው የወታደሮቹ ደም ወይም የእናታቸው ወተት አይደለም። ሥልጠናቸው፤ ልምዳቸውና በመሪዎቻቸው ላይ ያላቸው እምነት ነው።

የእኛም ቃኘው ሻለቃ ይህንኑ ይመሰክራል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ሲዋጉ ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም። እኛ በዚህ ስንኰራ ሁለት ነገር እንረሳለን። አንደኛ፤ እነዚህ ወታደሮች ከመዝመታቸው በፊት ለወራት በተራራ ላይ ሠልጥነዋል። ሁለተኛ፤ በኮሪያ ብርድ የለበሱት ካፖርትና የተጫሙት ቦት፤ የበሉትም ስንቅ፤ ለስላሳ ከተባለችው ከአሜሪካ የመጣ ነበር። ጽናታቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን በባዶ እግሩና በባዶ ሆዱ የቆመ ጽናት አልነበረም።

አሁን ጦርነቱን ትተን ወደ መተማ እርሻ እንመለስ። በየዓመቱ የደጋው ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ቆላ ይወርዳል። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቢዘገዩበት ፍሬው ስለሚረግፍ አጨዳው ጥድፊያ ነው። ሠራተኛው በእርሻው ዳር፤ ብዙ ጊዜም ከሜዳ ላይ ያድራል። ወባ የሚበረታውም በዚያው በመከሩ ወራት ነው። ከዚህም ሌላ በጥቁሩ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖር ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ትኵሳቱ አይለቅም፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውነት ይመነምናል። ሕክምና ያላገኘ በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በቆላው ተወልዶ ያደገው ሰው ብዙ ጊዜ ሰውነቱ በሽታውን ለምዶታል። ከደጋ የወረደው ግን፤ የቱንም ያህል ጕልበታም ቢሆን፤ ይወድቃል። በደንብ ያልበላው ደግሞ ፈጥኖ ይወድቃል።

በአገራችን «ቻይ» ተብሎ የሚመሰገን ሰው ቢኖር ይህ የቀን ሠራተኛ ነው። ታዲያ ቻይነቱ ምን አደረገለት? ዝንቧ ጀግናና ፈሪ አትለይም። እሱን የሚያድነው አጐበር፤ የደም ምርመራና 17 ቀን የሚወስደው የመርፌ ሕክምና ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ በአገራችን በተነሣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፤ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ይገመታል። የሞቱት ለስላሳ የተባሉት ከተሜዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ችግርን የለመዱ ገበሬዎች ነበሩ። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀ ወባ ከተነሣ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተቋቋመውም ይህን ትምህርት በመቅሰም ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡን «ጽና» ብሎ መምከር አልበቃም ነበር፤ የጤና መኰንን፤ ነርስና የንጽሕና ሠራተኛ ማሠልጠን አስፈለገ።

የመጨረሻው የመተማ ምስክር ስደተኛው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው በመተማ በኩል ገባ። ከነዚህ መካከል ሐኪሞች፤ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። ትናንት ቧንቧና መብራት ባለው ቤት ሲኖሩ የነበሩ፤ ዛሬ ሻንጣ በራሳቸው ተሸክመው ድንበር የሚሻገሩ፤ እንደ እኛ ያሉ የዘመኑ ሰዎች ናቸው። በካርቱም የቀሩት ወጣቶችም የአደጋ ጊዜ ክፍሎች የሚሏቸውን የሰፈር ማኅበሮች አቋቁመው፤ በጥይት መካከል የጋራ ማእድ ቤት ከፍተው ሕዝብ መገቡ፤ የቆሰለ አሳከሙ። ስልክ ይዞ ያደገ የከተማ ልጅ ችግር አይችልም የሚል ሰው ይህን ይመልከት። እነዚህ ወጣቶች የቻሉት ከጦርነቱ በፊት በየሰፈሩ ተደራጅተው መተማመንን ስለ ለመዱ ነው። በአንጻሩ ደግሞ በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ ከሰፈሩት ስደተኞች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ዘረፋና ጥቃት ስለ በዛባቸው መጠለያውን ትተው በመንገድ ዳር ከጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ጠባቂ ያጣ ሰው እስከ መቼ ይችላል?

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ሁሉ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው። ችግርን የመቻል ኃይል ከአባት ወደ ልጅ በደም የሚተላለፍ፤ ወይም በምቾት የሚጠፋ ነገር አይደለም። ስንቅ፤ ሥልጠና፤ መድኃኒት፤ መተማመንና የሚታመን ዓላማ ሲኖር ለስላሳ የተባለው ይጠነክራል። እነዚህ ሲጐድሉ ብርቱ የተባለው ይሰበራል። ስለዚህ «ወጣቱ ይችላልን?» ከማለት ይልቅ «እንዲችል ምን አዘጋጅተንለታል?» ማለት ይሻላል።

ይህን የምንለው ለክርክር ብቻ አይደለም። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ቻይ ነው» የሚለው ምስጋና አንዳንድ ጊዜ የስንፍና መሸፈኛ ይሆናል። ቻይ ነው ብለን ስላመሰገንነው ውኃ ሳናወጣለት እንቀራለን። ቻይ ነው ብለን ያለ አጐበር ሜዳ ላይ እናሳድረዋለን። ቻይ ነው ብለን የማይጨርሱትን ጦርነት እንጀምርበታለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት፤ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ተነሥቶ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ መተማ ድረስ በመዝለቅ የድንበሩን በር ባዘጋው ጦርነት፤ የኢትዮጵያ ወጣት በየወገኑ ተሰልፎ መራብንም መሞትንም እንደሚችል አሳይቷል። በዚህ በኩል የሚጠራጠር ካለ መቃብሮቹን ይቍጠር። ለሞት ያልሰነፈ ወጣት ያላት አገር ልታፍር የሚገባት በወጣቱ ለስላሳነት አይደለም። ጽናቱን በምን ላይ እንዳዋለችው ራሷን ልትጠይቅ ይገባታል።

«እንግዲያስ ስንፍናን ደገፋችሁ» የሚለን ይኖራል። አልደገፍንም። ሰውነትን በሥራና በጉዞ ማልመድ መልካም ነው። ከመኝታ ቤት እስከ መማሪያ ክፍል መሄድ የሚከብደው ተማሪ በችግር ቀን ለሌላው ሸክም ይሆናል። በአርማጭሆ ቆላ ከራስ ውብነህ ተሰማ ጋር አምስት ዓመት በዱር የኖሩት አርበኞች እግራቸው የጠነከረ ነበር። ነገር ግን እነሱንም ያቆማቸው እግራቸው ብቻ አይደለም፤ ከቤቷ እህል ቀንሳ በሌሊት ስንቅ ያደረሰች፤ የጠላትን ወሬ ያመጣች ባላገር ነበረች። ስሟ በታሪክ መጽሐፍ አልተጻፈም። የጽናት ታሪክ ሲነገር ግን ከርሷ መጀመር ይገባ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፤ እያንዳንዱ ተማሪ የመጀመሪያ እርዳታ ይማር፤ ደም መለገስንም ልማድ ያድርግ። ሁለተኛ፤ በ1957 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ይልክ እንደ ነበረ ሁሉ፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ የጤና ተማሪዎቻችን ከአጨዳ በፊት ወደ ቆላ ለሚወርደው ወጣት በየመናኸሪያው ስለ ወባና ስለ ካላዛር ያስተምሩ። ይህ ትንሽ ሥራ ነው፤ ግን ሰው ያድናል። ሦስተኛ፤ ችግር ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት የጋራ የመረዳጃ ገንዘብ እናቋቁም። አባቶቻችን «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እያሉ የተረቱት በእንዲህ ዓይነቱ መዘግየት ነው።

እኛ ከአባቶቻችን እናንሳለን ወይስ እንበልጣለን የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ከመተማ ጦርነት ወዲህ ከ130 ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚያው ቆላ የሚወድቀው ሰው ግን ዛሬም ጐበዝና ወጣት ነው። እሱ መቻሉን አሳይቷል፤ አሁን የቀረው የእኛ ፋንታ ነው።