ከድል የሚልቅ መምህርነት



የሰውን ድካም በድልና በሽንፈት ቁጥር ብቻ መመዘን ለለመደው ዓለማችን፣ የዶክተር ጄምስ ኔይስሚት ሕይወት መልካም ተግሣጽ ናት። በትውልዳቸው ካናዳዊ፣ በትምህርታቸውም የነገረ መለኮት ምሩቅ የነበሩት እኒህ ሰው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ የክረምቱ ብርድ ከቤት ላዋላቸው ተማሪዎች ሁለት የኮክ ቅርጫቶችን ግራና ቀኝ አሰቅለው፣ በ13 ሕግጋት የቅርጫት ኳስን ጨዋታ ደነገጉ፤ በ1898ም ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው የጸሎት ቤቱ መሪና የቅርጫት ኳስ ቡድኑ የመጀመሪያ አሠልጣኝ ሆኑ።

ይሁን እንጂ የጨዋታው መሥራች በካንሳስ እስከ 1907 ሲያሠለጥኑ 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸነፉ፤ ከእሳቸው በኋላ በዚያ መንበር ከተቀመጡት መካከል ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት ማንም የለም። ለእሳቸው ግን ጨዋታ ሥጋንና ምግባርን የሚያንጽ ትምህርት ነበረና፣ ፍሬያቸው በደቀ መዛሙርታቸው ታየ። ከእነርሱ አንዱ ፎግ አለን በዚያው ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝነት 590 ድል አስመዘገበ፤ ከቆዳው ቀለም የተነሣ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን እንዳይጫወት የተከለከለው ጥቁሩ ወጣት ጆን ማክሌንደንም፣ በእሳቸው ምክር ተኮትኩቶ፣ የቴኔሲ ኤ ኤንድ አይ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ከ1957 እስከ 1959 በተከታታይ ለ3 ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች አበቃ።

እንግዲህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ የዛሬው ውጤታችን ቢያንስብን አንዘን፤ የሰው ልጅ የድካሙ ዋጋ፣ ራሱ በሰበሰበው ምስጋና ሳይሆን፣ ዕውቀቱን ሳይሰስት ባወረሳቸው ሰዎች ምግባር ይመዘናልና።