ፍየሎቹ የት ይሰማራሉ?

እህቶቼ፣ የወሎ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ በጥርና በየካቲት ሰው ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ለእርከን ሥራ ይወጣል። ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። የተከለለውን ተራራ ክረምት ከበጋ የሚጠብቁት፣ ያለ ደሞዝ ኮሚቴ ሆነው ከጎረቤት የሚቀያየሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከብት ካልገባ ሳሩ ያድጋል፤ ታጭዶ ለሁሉም ይከፋፈላል፣ ጎርፉም ይቀንሳል። ትግራይ ውስጥ የአብርሃ ወአጽብሃ ገበሬዎች በዚህ ዓይነት ሥራ የጉድጓድ ውሃቸውን መልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል።

እኛስ? «ለፍየል መግዣ» ሲሉን ዝም ብለን እንልካለን። ፍየሎቹ የሚለቀቁት እኮ እዚያው ተራራ ላይ ነው! ከመላካችሁ በፊት የት እንደሚሰማሩ ጠይቁ። እኔ ወንድሜን «በግ ገዝተህ አስረህ ቀልብ፣ ሳሩን ከኮሚቴው ውሰድ፤ አለዚያ አልክም» አልኩት። አኩርፎ ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳም። አሁን ሦስት በግ አስሮ ይቀልባል።