የሰው ማዕድና የሰው መንፈስ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ትጉ የነበረ ሠራተኛ ሥራው ሲያስጠላው፣ ከጓደኞቹ ሲርቅ፣ ሳቁ ሲጠፋ፣ በዙሪያው ያሉት ለፍርድ ይቸኩላሉ። «ሰነፈ» ይባላል፤ «ጠባዩ ተለወጠ» ይባላል። ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ንግግር ዓላማ ጥያቄው ሊጠየቅ የሚገባው መሆኑን ማስረዳት፣ መልሱም እስከ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ወሰኑን ማሳየት ነው።

በዚህ ረገድ ታላቅ ትምህርት የሰጠው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር፤ በአውሮፓም ረኃብ ገብቶ ነበር። የተራበው ሕዝብ እንዴት ሊያገግም እንደሚችል ለማወቅ የፊዚዮሎጂው ሊቅ አንሰል ኪይዝ 36 ወጣቶችን መረጡ። እነዚህ ሰዎች ኅሊናቸው መሣሪያ ማንሣትን ስለ ከለከላቸው፣ በዚህ መንገድ ሰውን ለማገልገል በፈቃዳቸው የቀረቡ ነበሩ። በአካልም በአእምሮም ጤነኞች መሆናቸው አስቀድሞ ተመርምሯል።

ለ12 ሳምንት በሚገባ ከተመገቡ በኋላ፣ ለ24 ሳምንት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰ። ማዕዳቸው በአብዛኛው ድንች፣ ዳቦ፣ ማካሮኒና ጥቅል ጎመን ነበር። በየሳምንቱም 35 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር እንዲጓዙ ተደረገ። በመጨረሻው ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ጠፋ። የልባቸው ምት ዘገየ፤ በበጋ ሙቀት ሳይቀር በረዳቸው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በመንፈሳቸው የደረሰው ነው። ተጫዋቾቹ ዝም አሉ፤ ስለ ዓለም ሰላም ይከራከሩ የነበሩት ከምግብ በቀር ወሬ አጡ፤ አንዳንዶቹም የወጥ አሠራር መጻሕፍትን ማንበብ ያዙ። ቁጣ፣ ትካዜና ብቸኝነት በረታባቸው። የማሰብ ችሎታቸው በፈተና ሲለካ አልቀነሰም፤ እነርሱ ግን ሐሳባቸውን መሰብሰብ እንዳቃታቸው ይናገሩ ነበር።

ይህ ለመሐንዲስ ጆሮ እንግዳ ነገር አይደለም። የማመንጫው ኃይል ሲያንስ መብራት በፈረቃ ይሆናል፤ ሆስፒታሉ እንዳይጨልም የመንገዱ መብራት ይጠፋል። አካልም ልብንና ሳንባን ለማቆየት ሲል ራሱን በፈረቃ ያስተዳድራል። ጨዋታ፣ ወዳጅነትና ተስፋ ከመጀመሪያዎቹ ጠፊዎች መካከል ናቸው። የአእምሮ ክብደት ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው።

ማገገሙም የዋዛ አልነበረም። ምግቡ ከተጨመረም በኋላ የብዙዎቹ መንፈስ ቶሎ አልተመለሰም፤ አንዱማ በዚያው ወቅት በመጥረቢያ የእጁን ጣቶች ቈርጧል። ተጨማሪ ቪታሚንና ፕሮቲንም ብዙ አልረዳም፤ የረዳቸው የተትረፈረፈ ምግብና ጊዜ ነበር።

ይህ እንግዲህ የረኃብ ነገር ነው። ሆዱ ጠግቦ ማዕዱ ያልተስተካከለውስ? እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ ፌሊስ ጃካና ባልደረቦቻቸው ድባቴ ያደረባቸውና አመጋገባቸው የተበላሸ 67 ሰዎችን በሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን በሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት እንዲያዘወትር፣ ጣፋጭና የተጠበሰ ነገር እንዲቀንስ ተደረገ። ሌላው ወገን የሚያጫውተው ሰው ተሰጠው። ከ12 ሳምንት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 32 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 8 በመቶ ያህሉ ከድባቴ ወጡ። ሆኖም የተሳታፊዎቹ ቍጥር ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም ሌላ ሕክምና አላቋረጡም ነበር። በ2019 የታተመና በአውሮፓ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት ደግሞ የቪታሚንና የማዕድናት እንክብል ድባቴን እንዳልተከላከለ አሳይቷል። እንክብል ማዕድን አይተካም ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ ሰው ይህ ማዕድ ሩቅ አይደለም። የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከዚያው ወገን ናቸው። የሚያሳስበው ምሳን በቡናና በሲጋራ ማለፍ፣ እራትንም በብስኩትና በለስላሳ መጠጥ መተካት ነው። ቪታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ጉድለቱም ድካም፣ መርሳትና ትካዜ ሊያስከትል ይችላል። ጿሚው በፍስክ ወራት በወተት፣ በእንቁላልና በሥጋ ሊተካው ይችላል፤ ለዓመታት ከእነዚህ የራቀ ሰው ግን ሐኪም ቢያማክር ይበጀዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩ መንታ መንገድ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የተበላሸ ማዕድ መንፈስን እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ድባቴም በበኩሉ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። በልቶ የሚያዝን አለ፤ ሐዘኑም የኀጢአት ወይም የስንፍና ምልክት አይደለም። ሞትን የሚያስብ ሰው ደግሞ ምክርና ምሳ ሳይሆን፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያስፈልገዋል።

የሥራ ካምፕ ሲነደፍ የጄነሬተሩ ኃይል፣ የውኃው መጠን፣ የመኪናው ነዳጅ በጥንቃቄ ይሰላል፤ ወጥ ቤቱ ግን ለመጨረሻ ይተዋል። ይህ ልማድ ቢታረም፣ የምሳውም ሰዓት ቢከበር ለማኅበሩ አባላት የሚከብድ ሥራ አይደለም። ዝምታ የበዛበት ባልደረባ ሲታይም ከፍርድ በፊት «ና፣ እንብላ» ቢባል፣ ቢያንስ ምን እንደጎደለው ለማወቅ በር ይከፈታል።